ከሐዋሳ ተነሥቶ ቤኒካሲም ድንኳን ለመትከል

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን ሐዋሳ ተቀጥረን እንሠራለን፣ አንዳችን የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ አለው። ነሐሴ ላይ ስፔን ቤኒካሲም በሚደረገው ሮቶቶም ሰንስፕላሽ የሬጌ ፌስቲቫል ድንኳን ተክለን ለመክረም አስበናል። አውሮፓ ረግጠን አናውቅም። ቪዛውን ከመቼ እንጀምር? ማረፊያችን ድንኳን ከሆነ ለኤምባሲው ምን እናሳያለን? ድንኳኑንስ ከዚህ ይዘን እንሂድ ወይስ እዚያ እንግዛ? ገንዘቡን በእቁብ እያጠራቀምን ነው።»

ምላሽ፦

መጨረሻ ላይ ጣል ካደረጋችኋት ነገር ልጀምር፤ ከእቁቡ። ካነሣችሁት ሁሉ ቪዛችሁን የማበላሸት አቅም ያለው እሱ ነው።

ኤምባሲው የስድስት ወር፣ ቢያንስ የሦስት ወር የባንክ መግለጫ ያያል። እቁብ የሚጥል ሰው መግለጫ ምን እንደሚመስል አስቡት። በየወሩ ደመወዝ ይገባል፣ ወዲያው ይወጣል፣ ቀሪው ጥቂት ሺህ ብር ነው። ከዚያ ማመልከቻው ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዕጣ ይወጣና በአንድ ቀን ከፍ ያለ ገንዘብ ዱብ ይላል። መግለጫውን የሚያነበው ሰው እቁብ የሚባል ነገር ላያውቅ ይችላል፤ የሚታየው ለማሳያ የተበደሩት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሁለታችሁ ደመወዝተኞች ለዚህ ጉዞ ብላችሁ የምትጥሉትን እቁብ ተዉት፤ በየወሩ የሚተርፈውን በቁጠባ ሒሳባችሁ አስቀምጡት። ቀስ እያለ የሚያድግ ሒሳብ ማብራሪያ አይፈልግም። እቁቡ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ መውጣት ካልቻላችሁ ደግሞ ዳኛውን ለምናችሁ ቀደም ያለ ዕጣ ውሰዱ፤ ገንዘቡ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ሦስት ወር ሒሳባችሁ ውስጥ ይቀመጥ። ወርኃዊ መዋጮውንም በጥሬ ገንዘብ አትስጡ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር አስተላልፉት፤ የወጣው ድምር ከገባው ጋር ሲገጥም ይታያል። ዳኛውና ጸሐፊው የፈረሙበት የአባላት ብዛት፣ መዋጮውና ዕጣው የወጣበት ቀን ያለበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይያያዝ። ኤምባሲው ይህን ደብዳቤ የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን ጥያቄው ሳይነሣ መልሱን ያቀርባል።

ምን ያህል ገንዘብ? ስፔን ለዚህ ቁጥር አላት። አንድ ጎብኚ በቀን ሊኖረው የሚገባው ከአገሪቱ ወርኃዊ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል አንድ አሥረኛው ነው። በ2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህ 118.40 ዩሮ ነበር። ቆይታው አጭር ቢሆንም እንኳ ጠቅላላው ከ1,065.60 ዩሮ ማነስ አልነበረበትም። ለ10 ቀን 1,184 ዩሮ ለአንድ ሰው ማለት ነው። ወለሉ በየዓመቱ ስለሚከለስ በምትሄዱበት ዓመት ያለውን ተመልከቱ። ይህ ዝቅተኛው ነው። ሒሳባችሁ ውስጥ ልክ የጉዞው ወጪ ብቻ ካለ «ይህ ሰው ያለውን ሁሉ ለአንድ ሳምንት ሙዚቃ ያወጣል?» የሚል ጥርጣሬ ይመጣል። እኔ የምመክረው የጉዞው ወጪ ተቀንሶ ቢያንስ ያንኑ ያህል የሚተርፍበት ሒሳብ ነው።

አሁን ወደ ጊዜው። የሸንገን (ስፔንን ጨምሮ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ መግባት ይችላል። ለሌላው አገር ሰው መደበኛው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ነው፤ ለእኛ ግን አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በአፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ መደበኛው ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። በዚያው ውሳኔ ሰነድ መቀነስ ቀርቷል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም አይሰጥም። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ መሐል ላይ «ለሁለት ቀን ለንደን ደርሰን እንመለስ» የሚባል ነገር የለም፤ ከሸንገን ከወጣችሁ ቪዛው አለቀ። ሁለተኛው፣ ፓስፖርታችሁ አንድ ወር ተኩል ያህል እጃችሁ ላይ አይኖርም።

ነሐሴ 8 (ኦገስት 14) የምትነሡ ከሆነ ማመልከቻ ከየካቲት 7 ጀምሮ ይቻላል። 45 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ሰኔ 23 ላይ ይወድቃል፤ ይህ ግን ገደሉ ጫፍ ነው። ለአውሮፓ በጋ ጉዞ የሚሰለፈው ሰው ብዙ ስለሆነ የቀጠሮ ቀን ራሱ ሳምንታት ሊርቅ ይችላል። መጋቢት ላይ ቀጠሮ ፈልጉ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ ግንቦት 20 ፋይሉ ይግባ። አሻራ ለመስጠት እያንዳንዳችሁ በአካል አዲስ አበባ መገኘት አለባችሁ። ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነውና ከዋዜማው ገብታችሁ እደሩ፤ በቀጠሮው ጠዋት ከሐዋሳ መነሣት የማይረባ ቁጠባ ነው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም።

ፓስፖርቱ ከሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚሠራ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ ዋስትናው (ኢንሹራንሱ) ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ፣ ከገባችሁበት እስከ ወጣችሁበት ቀን ያለ ክፍተት የሚዘልቅ መሆን አለበት። አገር ውስጥ ያሉ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይሸጡታል። ስትገዙ ቀኖቹን ራሳችሁ አንብቡ፤ የአንድ ቀን ጉድለት ፋይል ይመልሳል።

ስለ ቀን ካነሣን፣ ከእኛ አገር ፋይሎች ደጋግሞ የሚታየው ስሕተት የዘመን አቆጣጠር ነው። አሠሪያችሁ «ከነሐሴ 8 እስከ 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈቃድ ሰጥተነዋል» ብሎ ይጽፋል፤ ተርጓሚው ወሩን ወደ ኦገስት ቀይሮ ቁጥሩን እንዳለ ይተወዋል። አንባቢው «ኦገስት 8 እስከ 20፣ 2018» የሚል፣ ዓመታት ያለፉት የእረፍት ፈቃድ ያገኛል። ትክክለኛው ኦገስት 14 እስከ 26፣ 2026 ነበር። ደብዳቤው ከመጀመሪያው በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ስሙም እንዲሁ፦ በባንክ መግለጫው፣ በአሠሪው ደብዳቤ፣ በፌስቲቫሉ ትኬትና በአውሮፕላን ቦታው ላይ ያለው አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። አያት የቀረበት ቦታ ካለ ይጨመር።

ባለ ሱቁ ወንድማችን የሚያቀርበው የተለየ ነው፦ በዓመቱ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የግብር ክሊራንስ፣ የሱቁ የኪራይ ውል፣ የሱቁም የግሉም የባንክ መግለጫ። እሱ በሌለበት ሱቁን ማን እንደሚይዘው በሁለት መስመር ይጻፍ። ቀላል ይመስላል እንጂ «ይመለሳል ወይ» ለሚለው ጥያቄ ከመልሶቹ አንዱ ነው።

የድንኳኑ ጥያቄ። ኤምባሲው የለመደው የሆቴል ቦታ ማስያዣ ነው፤ ሰው ቤት ለሚያርፍ ደግሞ ጋባዡ ከስፔን ፖሊስ የሚያወጣው የግብዣ ደብዳቤ አለ። ድንኳን ከሁለቱም አይገባም፤ ስለዚህ ሌሊቶቹን አንድ በአንድ በወረቀት መሸፈን አለባችሁ። አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ቀን፣ ከተማ፣ የት እንደምታድሩ፣ ማስረጃው ስንተኛ ገጽ ላይ እንዳለ። ነሐሴ 8 ሌሊት በአውሮፕላን፤ ነሐሴ 9 ካስቴዮን ሆስቴል፤ ካምፑ ከሚከፈትበት እስከሚዘጋበት ድንኳን፤ የመጨረሻው ሌሊት ማድሪድ ሆስቴል። ለድንኳኑ ሌሊቶች የካምፕ መግቢያን የሚጨምር ትኬት በእያንዳንዳችሁ ስም፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ እንዲሁም ካምፑ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቀን የሚናገረው የአዘጋጆቹ ገጽ ታትሞ ይያያዛል። ለአንድ ቀን ብቻ የሚሸጥ ትኬት አለ፣ ለሙሉ ሳምንቱ የሚሸጥ አለ፤ ካምፑ በዋጋው ውስጥ መሆኑን ወይም ለብቻው የሚገዛ መሆኑን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። አንዱ ገዝቶ ሦስቱንም ትኬት በራሱ ስም ካወጣ የሁለታችሁ ፋይል ባዶ ነው።

ከቪዛው በፊት ምኑ ይከፈል፣ ምኑ አይከፈል? የፌስቲቫሉ ትኬት የጉዞው ዓላማ ማስረጃ ስለሆነ ይገዛል። ይህ ልትወስዱት የሚገባ ኪሳራ ሊሆን ይችላል፤ ስም መቀየር ወይም መልሶ መሸጥ የሚፈቅድ መሆኑን አስቀድማችሁ አንብቡ። የአውሮፕላን ትኬት አይገዛም፤ ቦታ ማስያዣው ብቻ ይቀርባል። ሆስቴል ያለ ክፍያ የሚሰረዝ ዓይነት ይያዝ፤ ፋይሉ ገብቶ ውሳኔ ሳይመጣ ግን እንዳትሰርዙት፤ ደውለው ሊያጣሩ ይችላሉ። ከኢትዮጵያ ሆኖ ትኬት ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ የሚሞላበት የቪዛ ወይም የማስተር ካርድ የሚያወጡ ባንኮች አሉ። ውጭ ያለ ዘመድ ከከፈለላችሁ ደረሰኙ በእሱ ስም ስለሚሆን ማን እንደሆነና ለምን እንደከፈለ በአጭር ደብዳቤ ይገለጽ። «ሁሉንም እኔ እጨርሳለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ሸኙት። የሐሰት ሆቴል ወይም የሐሰት መግለጫ አንዴ ከተያዘ የሚቀጥለውን ማመልከቻ ሁሉ ያጠለሻል።

ሦስታችሁም ለየብቻችሁ ነው የምትመዘኑት። ሁለት አግኝተው አንድ ሊቀር ይችላል። ክልከላው በጽሑፍ ምክንያቱ ተጠቅሶ ይመጣል፤ ለስፔን በአንድ ወር ውስጥ ለዚያው ቆንስላ የድጋሚ ይታይልኝ ጥያቄ፣ አለዚያም በሁለት ወር ውስጥ ለማድሪድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤቱታ ይቻላል። ፌስቲቫሉ ግን አይጠብቅም፤ ለዚህም ነው ቢዘገይ እስከ ግንቦት 20 ግቡ የምለው።

መንገዱ። ሮቶቶም በ1994 ጣሊያን ውስጥ ተጀምሮ በ2010 ወደ ቤኒካሲም የመጣ፣ ኦገስት አጋማሽ ላይ አንድ ሳምንት ገደማ የሚቆይ ፌስቲቫል ነው። ቤኒካሲም በሜዲትራኒያን ዳር፣ ከካስቴዮን ከተማ በስተሰሜን 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ቅርቡ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ የቫሌንሲያ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመቸው ግን እስከ ማድሪድ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በፈጣኑ ባቡር ካስቴዮን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ነው። ማድሪድ አቶቻና ቻማርቲን የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ጣቢያዎች አሏት፤ ትኬታችሁ ከየትኛው እንደሚነሣ አንብቡ። በአውሮፕላኑ ማረፊያና በባቡሩ መነሻ መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት ተዉ። የድንበር ወረፋው ይረዝማል፤ አሁን ደግሞ በማኅተም ፈንታ አሻራና የፊት ፎቶ የሚመዘግብ ሥርዓት ገብቷል፤ የመጀመሪያ ጊዜ ገቢ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። የኤምባሲው ፋይል ሙሉ ቅጂ በእጅ ሻንጣችሁ ይሁን። መኮንኑ የት እንደምታድሩና ስንት ገንዘብ እንደያዛችሁ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሻንጣው ገና በቀበቶው ላይ እየዞረ «ወረቀቱ እዚያ ውስጥ ነው» ማለት አያምርም።

የውጭ ምንዛሪውን ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይዛችሁ ከባንካችሁ ትጠይቃላችሁ። የተወሰነውን በጥሬ ዩሮ፣ የቀረውን በካርድ አድርጉት፤ በአንድ ኪስም አይሁን። በ10፣ በ20 እና በ50 ኖት ተቀበሉ፤ የ200 ኖት ብዙ ሱቅ አይመነዝርም። ለምግብና ለውሃ ለአንድ ሰው በቀን ከ30 እስከ 40 ዩሮ አስቡ።

አሁን ድንኳኑ። እዚያ ግዙት። ሐዋሳ ደኅና ድንኳን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ ፍራሹ፣ ካስማውና መዶሻው ሲጨመር ስምንት ኪሎ ገደማ ተሸክሞ ባቡር ማሳደድ ይመጣል። ካስቴዮንም ቫሌንሲያም ዴካትሎን የሚባል የስፖርት ዕቃ መደብር አለ፤ ተራ ድንኳን ከ40 እስከ 80 ዩሮ ገደማ ይገኛል። አንድ ወጥመድ አለ፦ ኦገስት 15 በስፔን የማርያም ዕርገት በዓል ስለሆነ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል። በ2026 ቅዳሜ ላይ ይውላል፤ በማግስቱ ደግሞ እሑድ ነው። ነሐሴ 9 ካስቴዮን ደርሳችሁ ነሐሴ 10 ድንኳን ልትተክሉ ካሰባችሁ ሁለት ቀን ዝግ በር ትቆማላችሁ። ስለዚህ ወይ ዓርብ ከመዝጊያው በፊት ድረሱ፣ ወይ በኢንተርኔት አዛችሁ ሆስቴላችሁ እንዲጠብቃችሁ አድርጉ፤ ያም ካልሆነ ድንኳኑን ብቻ ከዚህ ያዙ። በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ቀድሞ ለመነሣት ብትወስኑ የቪዛውም የኢንሹራንሱም ቀን አብሮ ይቀደም።

«ባለ ሦስት ሰው» የሚባለው ድንኳን ሦስት ፍራሽ ትከሻ ለትከሻ የሚያስነጥፍ ነው፤ ለአንድ ሰው ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ስፋት። ቦርሳ አይገባም። ለሦስታችሁ ባለ አራት ሰው ውሰዱ። ሁለት ሽፋን ያለው፣ ውስጡ መረብ የሆነ፣ በሁለት ወገን በር ያለው ይሁን። ዴካትሎን ውጪው ነጭ፣ ውስጡ ጥቁር የሆነ ጨርቅ ያለው ይሸጣል፤ ይወደዳል፣ ግን ለዚያ አገር ፀሐይ የተሠራ ነው።

ምክንያቱም እዚያ ጠላታችሁ ሙቀት ነው። የሐዋሳን ነሐሴ ይዛችሁ አትሂዱ። እናንተ ከዝናብና ከ15 ዲግሪ ሌሊት ነው የምትነሡት፤ እዚያ ቀኑ 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፣ ሌሊቱም ከ20 ብዙም አይወርድ፣ በዚያ ላይ የባሕር ወበቅ አለ። ጋቢ ትታችሁ ነጠላ ያዙ። ጃኬት አንድ በቂ ነው። ፀሐይ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ትወጣለች፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ድንኳኑ ውስጥ መተኛት አይቻልም፤ ሙዚቃው ደግሞ ሊነጋ ሲል ነው የሚያበቃው። ሰው በሦስተኛው ቀን የሚወድቀው በዚህ ነው፤ በድካም ብቻ አይደለም፣ ጠዋት የሚተኛበት ጥላ ስለሌለው ነው።

ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ጥላው አሁን የት እንደሆነ አትዩ፣ ነገ ጠዋት የት እንደሚሆን ዩ። በምሥራቅ በኩል ዛፍ ወይም አጥር ያለበት ቦታ ከሁሉ ይሻላል። በስልካችሁ ኮምፓስ አረጋግጡ። ካምፑ በተከፈተ ቀን ቀድሞ የገባ ጥላውን ይወስዳል። ዛፍ ካጣችሁ 3 በ4 ሜትር የሆነ፣ አንድ ፊቱ የሚያንጸባርቅ ሸራ ከድንኳኑ በላይ ወጥሩ። ሸራው ጨርቁን እንዳይነካ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑረው፤ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ከሌለ ሙቀቱን እንደ ብርድ ልብስ አፍኖ ይይዘዋል። ትልልቅ የጥላ ተከላዎችን ካምፑ ሊከለክል ስለሚችል ደንቡን እዩ።

አተካከሉ፦ መጀመሪያ ድንጋይና ስንጥር ይጠረግ። የወለል ፕላስቲኩ ከድንኳኑ ጠርዝ አይውጣ፤ ከወጣ ድንገተኛ ዶፍ ሲመጣ ውሃውን ተቀብሎ ከሥራችሁ ያስገባዋል። ማዕዘኖቹን በሰያፍ፣ አንዱን ከዚህ ሌላውን ከወዲያ እያደረጋችሁ ምቱ፤ ባንድ ጎን ከጀመራችሁ ወለሉ ይጣመማል። ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ካስማ በደረቀው መሬት ይቆለመማል፤ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ወፍራም የብረት ካስማ አሥራ ሁለት ያህል ለብቻው ግዙ፣ ትንሽ መዶሻም ይጨመር። ካስማው በ45 ዲግሪ ይገባል፣ ራሱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘነበለ። ቀጥ ብሎ ወይም ወደ ድንኳኑ ካዘነበለ ንፋስ አንዴ ሲጎትተው ይወጣል። የመወጠሪያ ገመዶቹን ሁሉ እሰሩ። ጎረቤቶቻችሁ አያስሩም፤ እናንተ እሰሩ። ሌሊት ሰው እንዳይደናቀፍበት ገመዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ቁራጭ አንጠልጥሉ።

ንፋሱን አትናቁት። ኦገስት 13 ቀን 2022 ከቫሌንሲያ በስተደቡብ ኩሌራ ላይ በነበረው የሜዱሳ ፌስቲቫል ድንገተኛ ነፋስ የመድረክ አካላትን አፍርሶ አንድ ሰው ሞቷል፣ በርካቶች ቆስለዋል። ማስጠንቀቂያ ሲነገር ከመድረክና ከመብራት ምሰሶ ራቁ። ወደ ሙዚቃው ስትሄዱ የጥላውን ሸራ አውርዱ፤ እንደ ጀልባ ሸራ ድንኳኑን ይዞት ይነሣል።

እሳት አይታሰብም። ከቤኒካሲም ጀርባ ያለው ተራራማ ደን ዴዘርት ዴ ሌስ ፓልሜስ ጥብቅ ሥፍራ ነው፣ ወሩም የሰደድ እሳት ወር ነው። የጋዝ ምድጃም በካምፕ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ክልክል ነው፤ የጋዝ ጣሳ ደግሞ በእጅም በተላከም ሻንጣ አውሮፕላን አይገባም። ጀበናና ከሰል የምታስቡ ከሆነ ይቅር።

ምግቡ ላይ አንድ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ አለ። ፌስቲቫሉ ጾመ ፍልሰታ ውስጥ ይወድቃል፤ ጾሙ እስከ ነሐሴ 15፣ ማለትም እስከ ኦገስት 21 ነው። የምትጾሙ ከሆነ ደግነቱ የሬጌ ፌስቲቫል ነው፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ምግብ አይጠፋም። ግን ጠይቁ፦ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ኡዌቮ» ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። የቫሌንሲያ ፓኤያ ሩዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዋናው አሠራሩ ዶሮና ጥንቸል አለበት። ኦርቻታ የሚባለው ነጭ መጠጥ ወተት ይመስላል እንጂ ከአፈር ውስጥ ከሚወጣ ፍሬ የሚጨመቅ የጾም ነው፤ ቀዝቅዞ ሲቀርብ ለዚያ ሙቀት ልክ ነው።

ከቤት የምትይዙት በሶ ይሁን። እሳት አይፈልግ፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ አይበላሽም። ቆሎና ዳቦ ቆሎም ችግር የለባቸውም። ቋንጣ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት አይገቡም፤ ከውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በትንሽ መጠንም ክልክል ነው። አቮካዶም ያለ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አይገባም፤ ለሲዳማ ሰው ከባድ ነው፣ ግን ሕጉ ያው ነው። ጫት አትያዙ። ካምፑ ውስጥ የሚሸተው ጢስም የተፈቀደ ነው ማለት አይደለም፤ በስፔን ሕግ በአደባባይ ካናቢስ መያዝ ወይም ማጨስ ከ601 ዩሮ የሚጀምር፣ እስከ 30,000 የሚደርስ ቅጣት አለው።

ውሃ በቀን ለአንድ ሰው ከ3 እስከ 4 ሊትር። ከሐዋሳ ፋርማሲ አሥር ከረጢት ለምለም (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) ግዙ፤ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ውሃ ነው የሚበጠበጠው። በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ጥማቱን ያባብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም። የጆሮ መድፈኛ በርከት አድርጉ። 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ለስምንት ሰዓት ይቻላል ከተባለ በየሦስት ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ደብ የሚባለው የሬጌ ዓይነት የሚጫወትባቸው ድምፅ ማጉያዎች ፊት ቆሞ ማደር የሚያምራችሁ ከሆነ ይህን አስሉ።

የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ከእኛው ጋር አንድ ነው፣ አስማሚ አትግዙ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይገባል፤ ያለ ልዩ ፈቃድ እስከ 100 ዋት ሰዓት። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለው 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ያልፋል፤ ኃይሉ ሲተላለፍ የሚባክነው ተቀንሶ ተራ ስልክ ከሁለት ጊዜ ተኩል እስከ ሦስት ጊዜ ይሞላል። ለአንድ ሰው አንድ ያዙ።

ሰዓቱ ደግሞ። በአውሮፓ በጋ ስፔን ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። መርሐ ግብሩ በ24 ሰዓት ይታተማል። በዓርብ ዓምድ ሥር «00:45» ካለ በእኛ አነጋገር ዓርብ ለቅዳሜ ሌሊት ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ማለት ነው። «ቀኑ 12 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት» እያላችሁ በእኛ ሰዓት ከተቀጣጠራችሁ አንዳችሁ የፈለጋችሁትን ድምፃዊ ሳታዩት ትቀራላችሁ። ስልካችሁን እዚያ እስከምትቆዩ በ24 ሰዓት አድርጉት። በመርሐ ግብሩ ውስጥ ቀን ቀን የሚደረገውን ሬጌ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን የውይይት መድረክም እዩት፤ ከሻሸመኔ አጠገብ ለመጣ ሰው ብዙ የሚገጥመው ወሬ ይኖረዋል።

ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ነገር በወረቀት ጨርሱ፦ የጋራ ወጪው። የድንኳኑ፣ የሸራው፣ የመዶሻውና የማድሪዱ ሆስቴል ለሦስት ይካፈላል። ከሦስታችሁ አንዱ ቪዛ ቢከለከል የእሱን ድርሻ ሁለቱ ይሸፍኑ ወይስ ይመለስለት፣ ትኬቱስ ተሽጦ ገንዘቡ የማን ይሁን የሚለውን ፋይሉ ከመግባቱ በፊት ተስማሙና ሦስታችሁም ፈርሙበት።